ተውጦ የማይሞተው ባክቴሪያ

በመጋቢት 1882 እ.ኤ.አ. ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን (ቲቢን) የሚያመጣውን ባክቴሪያ ማግኘቱን በበርሊን አስታወቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኢሊያ ሜችኒኮቭ በጣሊያኗ መሲና የባሕር ኮከብ እጭ ሲመረምር፣ ባዕድ ነገርን ከበው የሚውጡ ሴሎች እንዳሉ ተረዳ። ሁለቱ ግኝቶች የሚገናኙት ሳንባችን ውስጥ ነው።

ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች አየር ላይ ይቆያሉ። ሌላው ሰው ሲስባቸው ባክቴሪያው እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ማክሮፌጅ የተባሉት ሴሎች ዘብ ቆመዋል። ቀድሞ ክትባት ወይም ሕመም ሳያስፈልጋቸው፣ ባዕድ ሆኖ ያገኙትን ይውጣሉ፤ አብሮን የሚወለደው መከላከያ አንዱ ክፍል ናቸው። የተዋጠው ባክቴሪያ በትንሽ ከረጢት ይታሸጋል፤ አሲድና ኢንዛይም የያዘ ሌላ ከረጢት መጥቶ ይዋሃደውና ይፈጨዋል። ብዙዎቹ ባክቴሪያዎች እዚህ ላይ ያልቃሉ።

የቲቢው ግን መዋጡን አይሸሽም። የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖችና ቅባቶች ሁለቱ ከረጢቶች እንዳይዋሃዱ ይከላከላሉ። የአሲድነት መለኪያ የሆነው የከረጢቱ ፒኤች ወደ 5 መውረድ ሲገባው 6.2 አካባቢ ይቆማል። በአንድ ፒኤች ልዩነት አሲዱ በ10 እጥፍ ስለሚለያይ፣ ይህ ለባክቴሪያው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። ሰም መሰሉ ወፍራም ግድግዳውም ሴሉ የሚረጭበትን መርዝ ይቋቋምለታል። ሲደላደል ኢሳት-6 የተባለውን ፕሮቲን የሚያስወጣበት ሥርዓት ከረጢቱን ለመብሳት ያግዘዋል። በአገራችን ሕፃናት እንደተወለዱ የሚወጉት የቢሲጂ ክትባት ዝርያ፣ ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲራባ ኖሮ ያጣ ነው። ጉልበቱ ከደከመባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ትዕግሥቱ ነው። ሲመቸው እንኳ አንድ ጊዜ ለመከፈል 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሌሎች ተከላካይ ሴሎች ዙሪያውን ቢከቡትም፣ እዚያው አድፍጦ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አብዛኞቹ የተያዙ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን አይታመሙም። ኤችአይቪ፣ የምግብ እጥረት ወይም የስኳር በሽታ መከላከያቸውን ሲያዳክመው ግን ይነሣል። መድኃኒቶቹ ይበልጥ የሚገድሉት በመራባት ላይ ያለውን ነው፤ ያደፈጠውን ለማጥፋት ሕክምናው በአብዛኛው ስድስት ወር ይወስዳል።

ስለዚህ ሳልዎ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ጤና ጣቢያ ሄደው አክታዎን ያስመርምሩ፤ የመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት የሚሰጡት በነጻ ነው። መድኃኒት የጀመሩም፣ ሳሉ ቢጠፋና ሰውነትዎ ቢመለስ እንኳ እስከ መጨረሻው ቀን አያቋርጡ።