ሞተር መቀየር ያዋጣል?

ከአዲስ አበባው ላምበረት መናኸሪያ ወደ ደብረ ብርሃንና ደሴ የሚወጣ መኪና ጉዞውን የሚጀምረው ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ ነው፤ ጣርማ በር ላይ 3,000ን ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ገና ከመነሻው አንድ አምስተኛ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ሞተሩ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ዳገቱ ገመናውን ያወጣዋል። ባለንብረቱም “ላሠራው ወይስ ልቀይረው?” ማለት ይጀምራል።

ጥያቄው ዛሬ የበለጠ ከብዷል። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ያለችውን መኪና ማሰንበት ግድ ሆነ፤ መለዋወጫውም በዚያው ልክ ተወደደ።

መጀመሪያ ጭሱን ማየት ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ኖዝልና ፓምፕ በማስተካከል ወይም የአየር ማጣሪያ በመቀየር ይድናል። ሰማያዊ ጭስ ግን የሚቃጠል ዘይት ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ እየገፋ ከወጣ ፋሻው አልቋል። የናፍጣ ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ሳይሆን አየሩን 20 እጥፍ ገደማ አምቆ በማጋል ስለሆነ፣ ኮምፕሬሽኑ ሲወርድ ጠዋት መነሳት እንኳ ያቅተዋል። ይህ ከሆነ ሞተር ማውረድ አይቀርም።

ለመቀየር ከተወሰነ፣ ወጪውን የሚለየው የሞተሩ ዘር ነው። በአሮጌዎቹ ሃይሉክስና ሃይኤስ ላይ የምናውቃቸው የቶዮታ 2ኤል (2,446 ሲሲ)፣ 3ኤል (2,779 ሲሲ) እና 5ኤል (2,986 ሲሲ) ወንድማማች ናቸው። 2ኤል አውርዶ 3ኤል የሚያስገባ ሰው ከሞላ ጎደል በነበረው ካምቢዮና መቀመጫ ይጠቀማል። በኮምፒውተር የሚሠራውን 1ኬዜድ ወይም ኮመን ሬል የሆነውን 2ኬዲ ያማረው ግን ከሞተሩ ጋር ኮምፒውተሩን፣ የሽቦ መስመሩን፣ ብዙ ጊዜም ካምቢዮውንና ራዲያተሩን አብሮ መግዛት አለበት። መለዋወጫ በሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላይ የተነገረው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ብቻ ነው።

ከቤንዚን ወደ ናፍጣ መሻገርስ? በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ በወጣው ታሪፍ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47፣ ናፍጣ 98 ብር ከ98 ነበር። የዋጋ ልዩነቱ ሁለት ብር ተኩል ብቻ ስለነበረ ትርፍ ቢኖር የሚገኘው ከሚቆጠበው ሊትር ነበር። በዚያ ታሪፍ እናስላው፦ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቤንዚን የምትበላ ሚኒባስ በናፍጣ 9 ሊትር ይበቃታል እንበል፤ ቁጠባው 327 ብር ግድም ነው። በወር 25 ቀን፣ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ብትሠራ በዓመት 98,000 ብር ይሆናል። ቅያሪው ከነእጅ ዋጋው 600,000 ብር ቢፈጅ ወጪውን ለመመለስ ስድስት ዓመት ይወስዳል። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ለምትነዳ የቤት መኪና ግን ይኸው ሒሳብ 35 ዓመት ነው።

ወረቀቱም ወጪ ነው። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ስለሰፈረ፣ አዲሱ ሞተር በአሽከርካሪና ተሽከርካሪ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ካልተመዘገበ ለቦሎ ምርመራም ለሽያጭም እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈል በፊት የሞተሩን የጉምሩክ ሰነድ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ ሥራ ላይ ያለች ሚኒባስ በዚያው ዘር ሞተር ብትቀይር ወይም ያላትን ብታሠራ ያዋጣታል። ከዘሩ ውጭ መሄድ የሚያዋጣው በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሠራ ብቻ ነው። ሻጩን “ሞተሩ ስንት ነው?” ከማለት በፊት መኪናዋ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደምትሠራ ማስላት ይቀድማል።