ላንሴሮ፦ ቀጭኑ የሀቫና ሲጋር

የዚህ ሲጋር ታሪክ የሚጀምረው ከአንድ የጥበቃ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የኩባውን መሪ ፊደል ካስትሮን ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ፣ ቺቾ እየተባለ የሚጠራው ቢየንቬኒዶ ፔሬዝ፣ ስም የለሽ ቀጭን ሲጋር ያጨስ ነበር። ሲጋሩን የጠቀለለለት ኤድዋርዶ ሪቬራ የተባለ ባለሙያ ጓደኛው ነው። ሽታው የካስትሮን አፍንጫ ያዘ። ከየት እንደመጣ ጠየቁ፤ ቀመሱት፤ ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ሪቬራ የሚጠቀልለው ለአገሪቱ መሪ ሆነ፤ ሥራውም በጸጥታ ሰዎች ዓይን ሥር ዋለ።

ጥበቃው ያለ ምክንያት አልነበረም። የአሜሪካ ሴኔት መርማሪ ኮሚቴ በ1975 ይፋ ባደረገው ዘገባ እንደተገለጸው፣ ሲአይኤ በ1960 ካስትሮ የሚወዱትን ዓይነት ሲጋር አንድ ሣጥን ሙሉ በመርዝ አስነክሮ ነበር። መርዙ ሲጋሩን አፍ ላይ በማድረግ ብቻ የሚገድል ነበር። ሣጥኑ ከታሰበለት ሰው አፍ ሳይደርስ ቀረ። ሲጋርን ከቅጠሉ ጀምሮ እስከ ሣጥኑ በታመነ እጅ ብቻ ማሠራት ለኩባ መንግሥት የሕይወት ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

ሥራው ከሀቫና በስተምዕራብ፣ የቀድሞ ባለጸጎች መኖሪያ በነበረ ሰፈር፣ ኤል ላጊቶ ወደተባለ ግቢ ገባ። እዚያ እንዲጠቀልሉ የሠለጠኑት ሴቶች ነበሩ። ይህን ማለፍ አይገባም፤ በኩባ ሲጋር መጠቅለል ለረጅም ዘመን በአብዛኛው የወንድ ሙያ ሆኖ ቆይቷልና። በ1966 ሲጋሩ ኮሂባ የሚል ስም አገኘ። መጀመሪያ የወጡት ሦስት ዓይነቶች ሁሉ ቀጫጭን ነበሩ፤ ከሦስቱ ረጅሙ ላንሴሮ ተባለ። ለዐሥራ አምስት ዓመታት ያህል በሱቅ አልተሸጠም። መንግሥት ለእንግዶቹ፣ ለአገር መሪዎችና ለአምባሳደሮች በስጦታ ይሰጠው ነበር። ለገበያ የወጣው በ1982 ነው። ካስትሮ ራሳቸው በ1985 ማጨስ አቆሙ፤ በአገራቸው ይካሄድ ለነበረው የጤና ዘመቻ አርአያ ለመሆን።

እነዚያ ዓመታት የእኛና የኩባ ታሪክ የተሳሰረባቸውም ናቸው። ካስትሮ በ1977 አዲስ አበባ መጥተው ነበር፤ የኩባ ወታደሮች በኦጋዴን ከኢትዮጵያ ጎን ተዋግተዋል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ኩባ ሄደው ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ በተባለችው ደሴት ተምረዋል። ስለዚህ የሀቫና ትንባሆ ሽታ ለአንዳንድ አንባቢ ከወጣትነቱ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ወደ ሲጋሩ እንምጣ። ላንሴሮ 192 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ ግን 15 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በሲጋር ሰዎች ቋንቋ ውፍረቱ 38 ነው፤ ይኸውም የአንድ ኢንች 64ኛ እየተቆጠረ 38 ጊዜ ማለት ነው። ጭንቅላቱ፣ ማለትም አፍ የሚነካው ጫፉ፣ የሚያበቃው በተጠመዘዘች ትንሽ የቅጠል ጅራት ነው። ቁመናው ያምራል፤ እኔ ግን የላንሴሮ ዋናው ነገር ቁመናው ነው አልልም። ዋናው ነገር ቅጥነቱ በጣዕሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው።

ሲጋር በሦስት ዓይነት ቅጠል ይሠራል። ውስጡ ርዝመቱን ጠብቆ የተጣጠፈ ቅጠል ይሞላበታል፤ ሙሌቱን አንድ ጠንካራ ቅጠል አቅፎ ይይዘዋል፤ ከላይ ደግሞ ለስላሳ፣ ቅባት ያለው፣ ደም ሥሩ እምብዛም የማይታይ የሽፋን ቅጠል ይለብሳል። ወፍራም ሲጋር ሲቃጠል አፍን የሚሞላው ሙሌቱ ነው፤ ሽፋኑ በሙሌቱ ብዛት ይዋጣል። ቀጭን ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ በጣም የሚፈለገውን ባለ 50 ውፍረት ሲጋር ከላንሴሮ ጋር አስተያዩት። በእኩል ርዝመት የላንሴሮ ሆድ የሚይዘው የዚያን ስድሳ በመቶ እንኳ የማይሞላ ቅጠል ነው፤ ከሙሌቱ ጋር ሲነጻጸር የሽፋኑ ድርሻ ግን በሲሶ ያህል ይበልጣል። ለዚህ ነው ላንሴሮን ያጨሰ ሰው የሽፋኑን ቅጠል ጣዕም ለይቶ የሚያውቀው።

ሽፋኑ ደግሞ ከቅጠሎች ሁሉ ብዙ የተደከመበት ነው። የኩባ ምርጥ ትንባሆ የሚበቅለው በምዕራብ፣ በፒናር ዴል ሪዮ ግዛት፣ ቩኤልታ አባሆ በተባለው ቀይ አፈር ላይ ነው፤ ሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔዝና ሳን ሉዊስ የሚባሉት ከተሞች ዙሪያ ያለው መሬት በተለይ ስሙ የተጠራ ነው። ለሽፋን የሚሆነው ተክል ከጥሬ ፀሐይ እንዲጠበቅ ማሳው በሙሉ በስስ ጨርቅ ጥላ ይሸፈናል፤ ቅጠሉም ሰፊና ስስ ሆኖ ይወጣል። ለሙሌት የሚሆነው ያለ ጥላ ይበቅላል። ከተክሉ ግርጌ የሚለቀመው ቅጠል ቀላልና በደንብ የሚነድ ነው፤ የመካከሉ መዓዛ ይሰጣል፤ ከላይ ፀሐይ የጠገበው ጉልበቱን ያመጣል። ቅጠሉ በጎተራ ተሰቅሎ ይደርቃል፤ ከዚያ ተከምሮ በራሱ ሙቀት ይብላላል። ኮሂባ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው፦ ከሙሌቱ ቅጠሎች ሁለቱ በእንጨት በርሜል ውስጥ ሦስተኛ ጊዜ እንዲብላሉ ይደረጋል። ይህ ተጨማሪ ጊዜ ጉሮሮ የሚቧጥጠውን የአሞኒያ ቅሪት ያስወጣል። የላንሴሮ ጭስ ለስላሳ የሚሆነው በዚህ ነው።

ከዚያ የእጅ ሥራው አለ። በወፍራም ሲጋር ውስጥ አንድ ቅጠል ቢጨማደድ ጭሱ በሌላ በኩል መንገድ ያገኛል። በላንሴሮ መንገዱ አንድ ነው። ጥቂት ቅጠል ቢበዛ ይደፈናል፤ ጥቂት ቢጎድል በፍጥነት እየነደደ አፍ ያቃጥላል። እናቶቻችን የሴትን ሙያ የሚለኩት በቀጭን ፈትል ነበር፤ ድሩ ሲቀጥን የእጅ ጉድለት አይደበቅምና። ላንሴሮ ለጠቃላይ የሚሆነው እንዲሁ ነው፤ ልምድ የሌለው ሰው አይሰጠውም።

እንዴት ይቀመሳል? ከመለኮሱ በፊት ከእግሩ (ከሚለኮሰው ጫፍ) እስከ ጭንቅላቱ በሁለት ጣት በቀስታ እየጫናችሁ ሂዱ። በእኩል ሊለጠጥ ይገባዋል፤ እንደ ጠጠር የሚጠነክር ቦታ ካለ ላይስብ ይችላል። ጭንቅላቱን በተሳለ መቁረጫ ከሁለት ሚሊ ሜትር ባልበለጠ ቁረጡ፤ ከዚያ ካለፈ ሽፋኑ ይተረተራል። ሳትለኩሱ አንድ ጊዜ ሳቡት። የደረቀ ሣርና የእንጨት ጣዕም፣ አንዳንዴም የማር ሽታ ትለያላችሁ፤ አየሩ ያለ ትግል ከመጣ ሲጋሩ በደንብ ተጠቅልሏል።

ለመለኮስ ረጅም ክብሪት ወይም ሽታ የሌለው ጋዝ ያለው መለኮሻ ይሻላል። የቤንዚን መለኮሻ ሽታው ጭሱ ውስጥ ይቀራል። እሳቱ እግሩን እንዳይነካ አርቃችሁ እያዞራችሁ አሙቁት፤ ጠርዙ ዙሪያውን ሲቀላ ብቻ ሳቡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሕግ አንድ ነው፦ አትቸኩሉ። ቀጭን ሲጋር ቶሎ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መዓዛው ጠፍቶ ምሬት ብቻ ይቀራል። በደቂቃ አንድ ጊዜ፣ እንዲያውም ዘግየት ብሎ መሳብ ይበቃል። ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ አፍ ውስጥ ተንከባሎ ይወጣል። የለመደ ሰው ከጭሱ ጥቂቱን በአፍንጫው ያሾልካል፤ መዓዛው ጎልቶ የሚለየው ያን ጊዜ ነው።

ጥሩ ላንሴሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥም ጠባዩን ይለውጣል። የመጀመሪያው ሲሶ ቀላል ነው፤ ሣር፣ ጥድ መሰል እንጨት፣ ትንሽ ማር። መካከሉ ላይ የወተት ቡና የሚመስል ልስላሴ ይመጣል፤ ለእኔ የዚህ ሲጋር ምርጡ ክፍል ይህ ነው። የመጨረሻው ሲሶ ቆዳና ቅመም ይሆናል፣ ይጠነክራል። በመካከል ከመረረ በሲጋሩ ውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ንፉ፤ የተጠራቀመው ጭስ ይወጣል። ከዚያም በኋላ ከመረረ ጨርሷል ማለት ነውና ተዉት። አብሮ ለመጠጣት ስኳር የሌለው ቡና ይስማማዋል። ውስኪ ግን የቀጭኑን ሲጋር መዓዛ ይሸፍነዋል ባይ ነኝ።

ስለ ጤናው በግልጽ መናገር ግዴታ ነው። ሲጋር ወደ ሳንባ ስላልገባ አይጎዳም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ጭሱ ኒኮቲኑን በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል ወደ ደም ያስገባል፤ የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። ብልህ ሰው ላንሴሮን ካጨሰ አልፎ አልፎ፣ ለአንድ ልዩ ቀን ነው። የማያጨስ ሰው ስለ ጣዕሙ በማንበብ ቢበቃው ምንም አይቀርበትም። በኢትዮጵያ ሕግም በ2019 በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ መሠረት ለሕዝብ ክፍት በሆነ ቤት ውስጥ ማጨስም፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥም ክልክል ነው።

የሚያሳዝነኝ የገበያው አካሄድ ነው። ሰው ወፍራም ሲጋር የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለዋል። ኮሂባ ራሱ በ2010 ቤሂኬ የተባለውን ውድ መስመሩን ሲያወጣ ውፍረቶቹ 52፣ 54 እና 56 ነበሩ። ወፍራሙ ለመጠቅለል ይቀላል፤ ለአጫሹም ስሕተቱን ይታገሠዋል። ቢሆንም የኩባን ቅጠል ማወቅ ለሚፈልግ ሰው፣ በእኔ ሚዛን፣ ከላንሴሮ የሚሻል አስተማሪ የለም።

ኮሂባ በብዛት አስመስለው ከሚሠሯቸው ሲጋሮች አንዱ ስለሆነ ስትገዙ ተጠንቀቁ። ሀቫና ጎዳና ላይ ከፋብሪካ በዘመድ የወጣ ነው እያለ በርካሽ የሚያቀርብ ሰው የሚሸጠው እውነተኛውን አይደለም። ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ ሣጥን ካያችሁ ያለ ጥርጥር ሐሰተኛ ነው፤ ፋብሪካው እንዲህ ያለ ሣጥን አያወጣም። አሜሪካ ለምትኖሩ ደግሞ እዚያ ሱቅ በኮሂባ ስም የሚሸጠው በዶሚኒካን ሪፐብሊክና በሌሎች አገሮች የሚሠራ፣ የሌላ ኩባንያ ሲጋር ነው። የኩባውን ይዞ ወደ አሜሪካ መግባት ከ2020 መስከረም ጀምሮ እንደገና ተከልክሏል።