ለቤዝ ጊታር ሁለተኛ ሣጥን ስለ መግዛት ለወላጆች የተሰጠ ምክር

በቦንጋ ከተማና በከፋ አገር ሠርግ ሲደገስ፤ በመስከረምም የማሽቃሬ ባሮ በዓል ሲከበር፤ ወጣቶች በኤሌክትሪክ መሣሪያ መጫወታቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ከመሣሪያዎቹም መካከል ዜማውን ከሥር ሆኖ የሚሸከመው ቤዝ ጊታር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት መላከ ገብሬ በዋሊያስ ባንድ፤ ጆቫኒ ሪኮም በአይቤክስ ባንድ ሲጫወቱ የዚህን መሣሪያ ጥቅም አሳይተዋል። እንግዲህ ልጁ ይህን ሙያ የያዘለት አባት አንድ ቀን «አባባ፤ ድምፁ ከዳሱ አልወጣ አለኝና ሁለተኛ ሞንታርቦ ይግዙልኝ» መባሉ አይቀርም። ገንዘቡ የቤተ ሰብ ገንዘብ ስለ ሆነ ነገሩን አስቀድሞ መርምሮ ማወቅ ይገባል።

የልጁ ጥያቄ ከንቱ አይደለም። የበገና ጅማት ያለ ሣጥኑ ቢነካ ድምፁ እጅግ ጥቂት ነው፤ ብዙ አየር የሚያንቀሳቅስለት ሣጥኑ ነው። የቤዝ ጊታርም ወፍራሙ ጅማት በአንድ ሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ብቻ ስለሚርገበገብ የድምፁ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ድምፅ ግድግዳ በሌለው ዳስ ውስጥ ለማሰማት አንድ ትንሽ ሣጥን አይበቃውም።

ሆኖም ሁለት ሣጥን ማለት ሁለት እጥፍ ድምፅ ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ሣጥን ቢጨመርና አምፕሊፋየሩም ኀይሉን ማጠፍ ቢችል፤ የሚገኘው ጭማሪ ቢበዛ 6 ዴሲቤል ያህል ነው። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» ብሎ የሚፈርደው ግን ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ «ኦም» የሚባለውን ቍጥር ማንበብ ነው። ይህ ቍጥር ሣጥኑ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየውን መቋቋም ያመለክታል። ከአንድ በርሜል ሁለት ቧንቧ ቢከፈት ውሃው በርትቶ እንደሚወርድ ሁሉ፤ ሁለት ሣጥን ጎን ለጎን በተቀጠለ ጊዜም ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ባለ 8 ኦም ሁለት ሣጥኖች በአንድነት 4 ኦም ይሆናሉ፤ ባለ 4 ኦም ሁለት ሣጥኖች ደግሞ 2 ኦም ይሆናሉ። በአምፕሊፋየሩ ጀርባ «ከ4 ኦም በታች አይሁን» ተብሎ ተጽፎ ሳለ 2 ኦም ቢቀጠልበት ይግላል፤ መከላከያ ከሌለውም ይቃጠላል። በቫልቭ የሚሠራ ከሆነ ቍጥሩን ከመውጫው ቍጥር ጋራ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ ያለ ሣጥንም ፈጽሞ አይከፈትም።

ገመዱም ከሣጥኑ ያላነሰ ነገር ነው። ከጊታር ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ቀጭን ገመድ ለሣጥን አይሆንም፤ ለሣጥን የተሠራ ወፍራም ገመድ መግዛት ይገባል። በሚቀጥሉበትም ጊዜ አስቀድመው መሣሪያውን ያጥፉ። ሣጥኖቹን አራርቆ ከማቆም ይልቅ አንዱን በአንዱ ላይ መደርደር ይሻላል፤ ተጫዋቹም የላይኛውን በጆሮው ልክ ስለሚሰማ ድምፁን ያለ ልክ አይጨምርም። የከፋ አገር ዝናብና ጤዛ የበዛበት ስለ ሆነ ከጨዋታ በኋላ ሣጥኖቹን በደረቅ ስፍራ ማኖር ያሻል።

ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ድምፅ ለብዙ ሰዓት ቢሰማ ጆሮን የሚጎዳ ስለ ሆነ፤ እናቶች ሕፃናትን በሣጥኑ ፊት እንዳያስቀምጡ እናሳስባለን።

ከቦንጋ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የተቃጠለ መሣሪያ ለማሠራት ይህን ያህል መንገድ መጫን፤ ያን ጊዜም የተቀበሉትን የሠርግ ውል ማፍረስ ለቤተ ሰብ ከባድ ኪሳራ ነው። ስለዚህ አባት ብሩን ከመቍጠሩ በፊት ከልጁ ጋራ ሆኖ በአምፕሊፋየሩና በሣጥኖቹ ጀርባ የተጻፈውን እንደ ውል ጽሑፍ ያንብብ። ቍጥሩ ከተስማማ ይግዛለት፤ ካልተስማማ ግን ሻጩ ዋጋውን ቢቀንስለትም አይግዛ።