ሦስቱ የቤት ጉልቻዎች

በአገራችን ልማድ አዲስ ቤት ለገባ ሰው የሚባል አንድ ቃል አለ። እንግዳው ገና ከደፉ ላይ ሳለ «ቤት ለእምቦሳ!» ይላል፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ብሎ ይመልሳል። ምኞቱ ቤቱ ጥጃ የሚታሰርበት፥ ወተት የሚታለብበት፥ ሰው የሚጠግብበት እንዲሆን ነው። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ልብ ብለው ይመልከቱ። በዚህ ሰላምታ ውስጥ ስለ ቆርቆሮው፥ ስለ ሲሚንቶው ወይም ስለ ሶፋው የተነገረ አንዳች ነገር የለም። የተመረቀው በቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሕይወት ነው።

ይህን የምጽፈው ለተማሪዎችና ሥራ ከያዙ ጥቂት ዓመት ለሆናቸው የመንግሥት ሠራተኞች ነው። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነኝ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ፥ መምህር ሆኜ፥ ትዳር መሥርቼ የምኖረው በአሶሳ አገር፥ በገነተ ማርያም ነው። ብዙዎቻችን «ደመወዝ ሲጨመር፥ ሰፋ ያለ ቤት ስንከራይ፥ ያን ጊዜ ቤታችን ይሞቃል» እንላለን። ነገር ግን ደመወዙ ሲጨመር ኪራዩም አብሮ ይጨመራል፤ ወደ ሰፊው ቤት ስንገባም አመላችንን ይዘን እንገባለን። አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ስለዚህ ነው።

ሰው ትዳር ሲይዝ «ሦስት ጉልቻ መሠረተ» ይባላል። ጉልቻ ሁለት ብቻ የሆነ እንደሆነ ድስቱ መገልበጡ የታወቀ ነው። እኔ ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ድንጋዩ ጉልቻ አይደለም። ቤትን ስለሚሸከሙ ስለ ሌሎች ሦስት ነገሮች ነው፤ እነርሱም ልብ የሚነግረንን ማዳመጥ፥ ቁርጥ ሐሳብና ምስጋና ናቸው።

አንደኛው፤ ልብ የሚነግረን

የፈተና ወረቀት በሚታረምበት ሰሞን አንድ ቀን ማታ የስድሳ ተማሪ ወረቀት ታቅፌ ወደ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ እንደ ወትሮዋ አልተቀበለችኝም። ከሰሉ አልተያያዘም፤ ረከቦቱም ከጥጉ አልተነሣም። «ምነው፥ ደኅና አይደለሽም?» ብላት «ደኅና ነኝ» አለችኝ። ልቤ ግን ደኅና አይደለችም አለኝ። እስከዚህ ድረስ ልቤ እውነቱን ነግሮኛል። ስሕተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ወር የቤት ኪራይ ስለ ዘገየብን «በገንዘቡ ነገር ተቀይማኛለች» ብዬ በራሴ ፈረድሁ፤ ፈርጄም ዝም አልሁ። እሷም ዝም፥ እኔም ዝም፤ ሦስት ቀን አለፈ።

በአራተኛው ቀን ነገሩ ተገለጠ። እናቷ መታመማቸው በስልክ ተነግሯት ኖሮ፥ እኔን በሥራዬ መካከል ላለማስጨነቅ ብላ ኀዘኑን ለብቻዋ ተሸክማው ነበር። እሷ ለእኔ ስታስብ እኔ በልቤ እሷን ስወቅስ መሰንበቴን ባወቅሁ ጊዜ የተሰማኝን እፍረት ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል።

በጎረቤታችን አንዲት አሮጊት አሉ። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከወሎ ተነሥተው ወደ አሶሳ ከመጡት ሰፋሪዎች አንዷ ናቸው። ነገሩን ባጫወትኋቸው ጊዜ ሳቅ ብለው፥ «ልጄ፥ ልብ በር ያንኳኳል እንጂ በር አይከፍትም። ያንተ ልብ አንኳኩቶልህ ነበር፤ ተነሥቶ መክፈቱ ያንተ ፋንታ ነበር» አሉኝ።

የእማማን ንግግር የሚመስል ነገር በሊቃውንት መጽሔትም ላይ ይገኛል። ጋሪ ክላይን የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ የእሳት አደጋ መከላከያ አዛዦችን አጥንቶ፥ ልምድ ያለው ሰው ብዙ ሳያሰላስል ትክክለኛውን ነገር ሊያውቅ እንደሚችል አሳይቷል። የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ዳንኤል ካህነማን ደግሞ የልብ ግምት ስንት ጊዜ እንደሚያታልል በመመርመር የታወቀ ነበር። እነዚህ ሁለት ሰዎች ሐሳባቸው የሚቃረን ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2009 በአንድነት ጽፈው፥ በዋናው ነገር ተስማሙ። ልብ የሚታመነው ነገሩ መደበኛ ምልክት ያለው ሲሆንና ሰውየውም ግምቱ ልክ ወይም ስሕተት መሆኑን እየተነገረው የተማረ እንደሆነ ነው አሉ። በግምታችን መተማመናችን ብቻውን ለእውነትነቱ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ይህን ወደ ቤታችን እናምጣው። ቤት ምልክት የሞላበት ስፍራ ነው። የእግር ኮቴ፥ የድምፅ ዝቅታ፥ ሰሐን ሲቀመጥ የሚሰማው ኳኳታ፥ ሁሉም ይናገራል። ነገር ግን «ግምቴ ልክ ነበር ወይ?» ብለን ካልጠየቅን ሃያ ዓመት አብረን ብንኖር እንኳ አንዳችን የሌላችንን ልብ ሳናነብ እንቀራለን። አጠያየቅም አለው። «ለምን ታኰርፊያለሽ?» ማለት ፈርዶ መጠየቅ ነው። «ዛሬ ዝም ያልሽ መሰለኝ፤ ያስጨነቀሽ ነገር አለ ወይስ ተሳሳትሁ?» ማለት ግን በር መክፈት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና፥ ከመናገር አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው፤ ቁርጥ ሐሳብ

ይሁን እንጂ ማየትና መረዳት ብቻውን ድስት አያፈላም። ቁርጥ ሐሳብ ያስፈልጋል።

በዚያ የሠፈራ ጊዜ ከአምስት መቶ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ከወሎ፥ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥተው ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስደዋል። ብዙ ቤተሰብ ተለያይቷል፤ ብዙ ሰውም በበሽታ አልቋል። እማማ ስለዚያ ጊዜ ሲናገሩ እንዲህ አሉኝ፤ «ስንመጣ ቤት የሚባል የለም፤ ስኒም የለን። የቡና ገለፈት በጣሳ አፍልቼ የማላውቃቸውን ጎረቤቶች ጠራሁ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ቦታው ቤቴ ሆነ።» ሳርና ቀርከሃው የተሠራው ኋላ ነው፤ ቤቱ የተጀመረው ግን በዚያ በጣሳው ማታ ነበር።

ቁርጥ ሐሳብ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ለማየት ደግሞ ከአባይ ማዶ ወደ ደቡብ ጎንደር እንሻገር። በፎገራ ወረዳ፥ ከወረታ ከተማ ብዙ ሳይርቅ አውራ አምባ የሚባል መንደር አለ። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ ናቸው። እርሳቸው እንደሚተርኩት፥ ገና በልጅነታቸው አንድ ነገር አስተዋሉ። አባትና እናት አብረው በእርሻ ይውላሉ። ማታ ቤት ሲገቡ ግን አባት ያርፋሉ፤ እናት ደግሞ ይፈጫሉ፥ ይጋግራሉ፥ ወጥ ይሠራሉ፥ የአባትን እግር ያጥባሉ። ሥራው የጎደለ እንደሆነም ቁጣና ዱላ ይከተላል። ልጁም «እናቴ ሁለት ሰው ናት ወይ?» የሚያሰኝ ጥያቄ በልቡ ያዘ።

ይህን ያላየ ልጅ በአገራችን ማን አለ? ሁላችንም አይተናል። ልዩነቱ ያ ልጅ ያየውን አለመርሳቱ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ተከታዮች ጋር ማኅበሩን መሠረቱ። በአውራ አምባ ሥራ የሚከፈለው በችሎታ እንጂ በጾታ አይደለም። ወንድ እንጀራ ይጋግራል፤ ሴት ታርሳለች፤ ሁለቱም ሸማ ይሠራሉ። አቅም ያነሳቸው አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አላቸው። ቤተሰብ በየጊዜው ተቀምጦ ይወያያል፤ ልጅም ቅሬታውን እንዲናገር ይፈቀድለታል።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። በዙሪያው ያለው ሕዝብ ለብዙ ጊዜ ጠልቷቸዋል፤ በደርግ ዘመን መጨረሻም አገራቸውን ለቀው እስከ መሰደድ ደርሰው ነበር። እኔ ሥርዓታቸውን ሁሉ እንቀበል አልልም፤ በብዙ ነገር የማይስማማቸው ሰው አለ። የምለው አንድ ልጅ በእናቱ ላይ ያየውን ድካም ወደ ቁርጥ ሐሳብ ቢለውጠው አንድ ሙሉ መንደር ሊሠራበት ቻለ ነው። እኛ አንዲት ክፍል ቤት ለመሥራት እንዴት ያቅተናል?

ነገር ግን «ከእንግዲህ ጥሩ ባል እሆናለሁ፤ ጥሩ ልጅ እሆናለሁ» ማለት ቁርጥ ሐሳብ አይባልም፤ ምኞት ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ፥ መቼና የት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የወሰነ ሰው በደፈናው ከሚመኘው ይልቅ ሐሳቡን እንደሚፈጽም አስረድቷል። እኔም ይህን ተከትዬ ሁለት ነገር ቈረጥሁ። «ደፉን ስረግጥ ስልኬን ከመደርደሪያው ላይ አኖራለሁ፤ ወረቀት ሳላርም አንድ ስኒ ቡና አብሬ እጠጣለሁ» አልሁ። «ማክሰኞና ዓርብ ውኃ የምቀዳው እኔ ነኝ» አልሁ። በመጀመሪያው ማክሰኞ ጀሪካን ተሸክሜ ሳልፍ ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን የሚስቅ አልነበረም።

ሦስተኛው፤ ምስጋና

አማርኛችን የምስጋና ድኻ አይደለም። «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን፤ ለጋገረች «እጅሽ ይባረክ፥ እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እንላለን። ግን ይህን የምንለው የት ነው? በሰው ቤት ነው። በእንግድነት ስንሄድ መርቀን እንነሣለን፤ በገዛ ቤታችን ግን በልተን፥ እጃችንን ታጥበን ዝም ብለን እንነሣለን። ምስጋናችንን ለጎረቤት አውጥተን ለቤታችን የሚተርፍ አናስቀርም።

ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማካሎው የተባሉ ሁለት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት አለ። አንዱን የተማሪዎች ክፍል በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን እስከ አምስት ነገር፥ ሌላውን ክፍል የሚያማርሩበትን እንዲጽፉ አደረጓቸው። ከአሥር ሳምንት በኋላ ምስጋናን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ። እርሳስና ወረቀት ላለው ተማሪ ከዚህ የረከሰ መድኃኒት ከየት ይገኛል?

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ምስጋና የሥራ ምትክ አይደለም። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት ሊቅ፥ ከቢሮ መልስ በቤት ስለሚጠብቀው ሁለተኛ የሥራ ተራ እ.ኤ.አ. በ1989 በጻፈችው መጽሐፍ፥ በባልና ሚስት መካከል ምስጋናም እንደ ገንዘብ ምንዛሪ እንዳለው አሳይታለች። በእኛም አገር ባል አንድ ቀን ሰሐን ያጠበ እንደሆነ ሠፈሩ ሁሉ ያወራለታል። ሚስት ዓመቱን ሙሉ ስታጥብ ግን ያየ የለም፤ እሷ የሠራችው ግዴታ፥ እሱ የሠራው ስጦታ ሆኖ ተቈጠረ።

ይህ አስተሳሰብ በሕጋችንም ተጽፎ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ፥ ባል የቤት ሠራተኛ ማቆም ካልቻለ የቤቱን ሥራ ሚስት ራሷ እንድትሠራ ያዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት በቤተሰቡ አመራር እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። እንግዲህ ሕጉ ሴቲቱን ከማጀት አውጥቷታል፤ ብዙዎቻችን ወንዶች ግን ገና ወደ ማጀት አልገባንም። «እጅሽ ይባረክ» ብሎ የተባረከውን እጅ ብቻውን ሲያጥብ መተው ምስጋና አይባልም። ደግሞም ዱላ ባለበት ቤት «ያለሽን አመስግኚ» ብሎ መምከር ታላቅ በደል ነው፤ እዚያ የሚያስፈልገው ሽማግሌና ሕግ ነው።

ምስጋና ሲቀርብ ደግሞ በስሙ ይጠራ። «ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል እንደ ማኅተም ነው፤ በሁሉም ወረቀት ላይ ያርፋል፥ ማንንም አይነካም። «ትናንት ወረቀት ሳርም ፋኖሱን ወደ እኔ ያስጠጋሽልኝ» ማለት ግን ያየ ዓይን መኖሩን ይመሰክራል። እዚህ ላይ ሦስቱ ጉልቻዎች ይገናኛሉ፤ ያላየ ሰው አያመሰግንም፥ ለማየት ያልቈረጠም አያይም።

«እኔ ላጤ ነኝ፤ ይህ ለባለትዳር ነው» የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። አይደለም። ከአክስትዎ ዘንድ ተጠግተው የሚማሩ፥ ከሁለት ጓደኞች ጋር አንዲት ክፍል የተከራዩ፥ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የሚኖሩ ቢሆኑም አብሮ የሚኖር ሰው ባለበት ሁሉ ቤት አለ። እስቲ ለአንድ ሳምንት ይሞክሩት። አንድ ቀን የታዘቡትን ይጠይቁ፤ አንድ ሥራ ከነቀኑ ለራስዎ ይውሰዱ፤ ማታ ማታም አንድ ነገር በስሙ ጠርተው ያመስግኑ።

እኔ ይህን ስጽፍ ሰዓቱ ወደ ማታ ነው። ደጃፋችን ካለው ማንጎ ሥር እማማ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠዋል። የባለቤቴ እናት ድነው፥ ባለፈው ሳምንት በአውቶቡስ መጥተው ጠይቀውናል። ቤታችን ዛሬም ያቺው አንዲት ክፍል ናት፤ ኪራይዋም አልቀነሰም። ሆኖም ዛሬ ልብ የሚያንኳኳውን የሚከፍት ሰው በውስጧ አለ። እርስዎም ወደ ቤትዎ ሲገቡ ከደፉ ላይ ትንሽ ቆም ይበሉና፥ እንደ እንግዳ ሆነው፥ ለራስዎ ቤት ይህን ይመኙለት፤ ቤት ለእምቦሳ!