ማፍሰሱን ያቆመ ግድብ

ግድብ ሁሉ ያፈሳል። አዲሱም አሮጌውም፣ ትልቁም ትንሹም። መሐንዲሱን «ግድባችሁ ያፈሳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን «ትተነፍሳለህ ወይ?» እንደማለት ነው። መጠየቅ ያለበት ምን ያህል፣ ከየት በኩልና ምን ዓይነት ውሃ እንደሚያፈስ ነው።

በአንድ አሮጌ ግድብ ግርጌ ያለውን ዋነኛ የደህንነት መሣሪያ ያየ ሰው ትንሽ መገረሙ አይቀርም። በጠባብ ቦይ ላይ የቆመ ላሜራ ነው፤ መሃሉ ላይ በ90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ተቆርጦለታል። በግድቡ ሥርና በጎኑ የሰረገው ውሃ ተሰብስቦ በዚያች ቪ ይወርዳል። ሠራተኛው ጠዋት መጥቶ ውሃው ከቪው ታችኛ ጫፍ ስንት ሳንቲሜትር ከፍ እንዳለ ከማስመሪያው ያነብና ደብተሩ ላይ ያሰፍራል። በቃ። 5 ሳንቲሜትር ካነበበ በሰከንድ 0.8 ሊትር ያህል እየወረደ ነው፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢደቀን በ26 ሰከንድ ገደማ ይሞላል። 10 ሳንቲሜትር ካነበበ ግን ጀሪካኑ 5 ሰከንድ እንኳ አይቆይም። ከፍታው እጥፍ ሲሆን ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይጨምራልና፣ ይህች ላሜራ ዓይን የማያየውን ለውጥ አጉልታ ታሳያለች።

ቁጥሩ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም። በሰከንድ 4 ሊትር ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? ለአንዱ ግድብ የዘወትር ነገር ነው፣ ለሌላው የአደጋ ምልክት። ግድብ የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው፤ አምና በዚህ ወር፣ ሐይቁ በዚህ ከፍታ ላይ ሳለ፣ ስንት ነበር? ስለዚህ ከፍሰቱ ጎን የሐይቁ ከፍታና የዕለቱ ዝናብ አብረው መጻፍ አለባቸው። ሐይቁ ሳይጨምር፣ ዝናብም ሳይጥል ፍሰቱ ከጨመረ ያን ጊዜ ስልክ ይደወላል። አሥር ዓመት ሳይቋረጥ የተጻፈ ደብተር፣ አንድ ዓመት ሠርቶ ከተበላሸ ውድ መሣሪያ ይልቅ ዋጋ አለው ብዬ አምናለሁ።

የውሃው መልክም ይታያል። ኩል የመሰለ ውሃ ቢበዛም ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የደፈረሰ ውሃ ግን አፈር ይዞ እየወጣ ነው፤ አፈር ከወጣ ደግሞ ውስጥ የተተወ ባዶ ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1928 ጠዋት በካሊፎርኒያ የቅዱስ ፍራንሲስ ግድብ ጠባቂ የደፈረሰ ፍሳሽ አይቶ አለቆቹን ጠራ። ግድቡን የሠራው ዊሊያም ሙልሆላንድ ራሱ መጥቶ መረመረ፤ ድፍርሱ የመጣው በአቅራቢያው ከተቆረጠው መንገድ አፈር ነው፣ ፍሳሹ ራሱ ንጹህ ነው ብሎ ሄደ። ግድቡ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ተደረመሰ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ሰውየው አላዋቂ አልነበረም፤ ለሎስ አንጀለስ ከተማ ውሃ ያመጣ መሐንዲስ ነው።

እስካሁን ያለው ማንም የሚገምተው ነው። የሚገርመው የፍሳሹ መቀነስም ሊያስደነግጥ መቻሉ ነው።

ከጉድጓድ ውሃ የቀዳ ሰው ያውቀዋል፤ ባልዲው ውሃው ውስጥ ሳለ ይቀላል፣ ብቅ ሲል ድንገት ይከብዳል። በክብደቱ የሚቆም የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድብም እንዲሁ ነው። ውሃ በመሠረቱ ስንጥቅ ሾልኮ ሥሩ ሲገባ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ያቀለዋል። በ20 ሜትር ጥልቀት የውሃ ግፊት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 20 ቶን ነው፤ ከዚህ ከፊሉ እንኳ በመሠረቱ ሥር ቢደርስ ግድቡ ያለኝ ብሎ ከሚመካበት ክብደት ትንሽ የማይባል ድርሻ ይወሰድበታል። የ19ኛው መቶ ዘመን መሐንዲሶች ከፊት ለፊት የሚገፋውን ውሃ ሲያሰሉ ከሥር የሚያነሳውን ብዙም አያስቡትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 በፈረንሳይ የቡዜ ግድብ ተደርምሶ ከ80 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ ነው ጉዳዩ በቁም ነገር የተያዘው።

መፍትሔው ከግድቡ ሥር ቀዳዳ ቆፍሮ ያንን ውሃ ማስተንፈስ ሆነ። ቀዳዳዎቹ ሲያፈሱ ግፊቱ ይረግባል፤ ስለዚህ ይህ ፍሳሽ የሚፈለግ ፍሳሽ ነው። ነገር ግን ውሃው በኮንክሪቱና በአለቱ ሲያልፍ ካልሲየም ያሟሟና መውጫው ላይ ይጋግራል፤ ውሃ ማፍያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ቀዳዳው ይጠብባል፣ ይደፈናል። ደብተሩ ላይ ፍሳሹ ቀነሰ ተብሎ ይጻፋል፣ አለቃው ደስ ይለዋል፣ ግድቡ ግን ከሥሩ እየቀለለ ነው። ለዚህ ነው ፒዞሜትር የሚያስፈልገው። ስሙ ይከብዳል እንጂ ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ የተቀበረ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጫፉ ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚያሰማ ሜትር ይወርድበትና በውስጡ ውሃው የት ድረስ እንደቆመ ይለካል። ፍሳሹ ቀንሶ የቱቦው ውሃ ከፍ ካለ፣ መሰርሰሪያ መጥቶ ቀዳዳዎቹ ይጸዳሉ።

ግድብ ይንቀሳቀሳልም፤ ኮንክሪቱ ብርድና ሙቀት ሲፈራረቁበት አናቱ በሚሊሜትሮች ወደፊትና ወደኋላ ይላል። ያስ ጤንነት ነው። የሚፈራው ሄዶ የማይመለሰው ነው።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋዋት ነው፤ 5,150 ሜጋዋት ከሚያመነጨው የህዳሴ ግድብ ጎን ሲቆም የሚጠቀስም አይመስል። ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ። ታዲያ ግድብ ኃይል ማመንጨቱን ቢያቆምም ውሃ መያዙን አያቆምም። ተርባይኑ ሲቆም የሚቆመው ገቢው ነው፤ አደጋው አይደለም። ገቢው ሲቆም ደግሞ ደብተር የሚጽፈው ሰው ቀድሞ ይቀነሳል።

አባ ሳሙኤል የሚያሳየን ሌላም ነገር አለ። ግድቡ ባለበት ቆሞ ሳለ ከበላዩ ያለው አገር ተለውጧል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው ነው እዚያ የሚደርሱት። በ1930ዎቹ ሳር የነበረው ዛሬ ቆርቆሮና አስፋልት ነው፤ መሬት ይመጠው የነበረው ዝናብ አሁን ተጠራቅሞ በአንዴ ይደርሳል። ከከተማው የሚወርደው ቆሻሻና ደለልም፣ ቆሻሻው የሚያፋፋው የእምቦጭ አረምም ተጨምሮበታል። ግድቡ ችግር አለበት ማለቴ አይደለም። የአያቶቻችንን ዘመን ጎርፍ ታሳቢ አድርጎ የተሠራ ማንኛውም የጎርፍ ማስተንፈሻ፣ ማለትም ትርፉን ውሃ የሚያሳልፈው መውጫ፣ ግን ሒሳቡ እንደገና መሠራት አለበት።

የጎርፍ ሒሳብ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ ኤደንቪል አሳይቷል። በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የተሠራ የአፈር ግድብ ነበር፤ ያመነጭ የነበረው 4.8 ሜጋዋት። የፌዴራሉ ተቆጣጣሪ ማስተንፈሻው ለከባድ ጎርፍ አይበቃም ብሎ ከባለቤቱ ጋር ለዓመታት ሲጨቃጨቅ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ኃይል የማመንጨት ፈቃዱን ነጠቀው። የሁሉም ዓይን ማስተንፈሻው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 19 ቀን 2020 ከብርቱ ዝናብ በኋላ ሐይቁ ሞልቶ የማያውቀውን ያህል ሞላ። ግን ውሃው ግድቡን አልተሻገረም። ገና ከአናቱ በታች ሳለ የግድቡ አንድ ወገን ተንሸራቶ ሄደ። ከታች ያለውን የሳንፎርድ ግድብም ይዞት ሄደ፤ 10,000 ያህል ሰው ከቤቱ ወጣ፤ ደግነቱ የሞተ የለም።

አንድ የአካባቢው ሰው በአጋጣሚ ቀርጾት ስለነበር አደጋው በቪዲዮ አለ። ሣር የለበሰው ተዳፋት ቀጥ ብሎ ቆሞ ይታያል፤ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ እንደ አጥሚት ይፈስሳል። ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ ምክንያቱ ልል አሸዋ መሆኑን አስረዳ። ጤፍ በጣሳ ሲሰፈር ነቅነቅ ቢያደርጉት ዝቅ ይላል፤ በፍሬዎቹ መካከል ክፍተት ነበርና። ግድቡ ሲሠራ በሚገባ ያልተጠቀጠቀው አሸዋም እንዲሁ ክፍተት ነበረው፤ ያ ክፍተት ውሃ ሞላበት። ጭነት በዝቶ አሸዋው ጥቅጥቅ ልበል ሲል ውሃው መውጫ ጊዜ አጣ፤ ክብደቱን አሸዋው ሳይሆን ውሃው ተሸከመው፤ ውሃ ደግሞ ተዳፋት ሆኖ መቆም አይችልም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከመሬት መንቀጥቀጥ ጋር ይመጣል፤ እዚህ ግን የተንቀጠቀጠ ነገር አልነበረም።

ይህን የቪዋ ላሜራ አታየውም። ድፍርስ ውሃም አይቀድመውም። ሊያሳየው የሚችለው የድሮ ወረቀት ነው፤ ማን ሠራው፣ በምን አፈር፣ በስንት ዙር ተጠቀጠቀ፣ ንድፉና የተሠራው ይመሳሰላሉ ወይ? የኤደንቪል ተዳፋት አንዳንድ ቦታ ከንድፉ ይልቅ የቆመ ነበር። አሮጌ ግድብ የሚመረምር ሰው ማህደር ቤት ገብቶ አቧራ መጥረግ፣ ከዚያም ግድቡን በስቶ አፈሩን ማየት አለበት።

ደካማ ሆኖ ቢገኝስ? ማጠናከሪያው ገንዘብ እስኪገኝ ድረስ ርካሹ መድኃኒት ሐይቁን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። ግድቡን ከፊት የሚገፋው ኃይል ከውሃው ጥልቀት ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ 20 ሜትር የነበረው ወደ 19 ሲወርድ ግፊቱ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከዚያው ውሃ የሚገኘው ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው ግን 5 በመቶ ገደማ ነው።