እባቢቱ አደገች... ቤቷስ?

«እባብ ለእባብ ይተያያሉ ካብ ለካብ» ይባላል። ካብ ለካብ መተያየቱስ ባልከፋ፤ ጉዱ ሳሎን ውስጥ ሲሆን ነው!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜሪላንድ፣ አሜሪካን አገር የምትኖር የአክስቴ ልጅ ሰሞኑን ስልክ ደውላ «ምን ይሻለኛል?» አለችኝ። የ16 ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ሥራ ባገኛት ገንዘብ እባብ ገዝቶ ቤት ይገባል። እናት «በስመአብ!» ብላ ጮኸች። አባት ደግሞ «ተይው፣ ልጅ ነው፣ ይሰለቸዋል» አለ። ልጁ አልሰለቸውም። እባቢቱም ማደጓን አልተወችም።

ስትመጣ ከስንዝር ተኩል አትበልጥም ነበር። ዛሬ ከአንድ ሜትር በላይ ሆናለች። ቤቷ ግን ያው የድሮው ነው፦ ርዝመቱ 75፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ የመስታወት ሳጥን። ማታ ማታ አፍንጫዋን ከመስታወቱ ጋር ስታፋትግ ታድራለች። አንድ ሌሊት ክዳኑን ገፍታ ጠፋች። አራት ቀን ተፈለገች። በመጨረሻ የት ብትገኝ ጥሩ ነው? ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሄዱት አክስቴ ሻንጣ ውስጥ፣ ጋቢያቸው እጥፋት ሥር!

አክስቴ «ወይ እሷ ትውጣ፣ ወይ እኔ አገሬ ልግባ!» አሉ። አባት «ጫካ ወስጄ እጥላታለሁ» አለ። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ራት ከቤተሰቡ ጋር መብላት አቆመ። ይኸውላችሁ፣ በአንድ ጠባብ ሳጥን ምክንያት ቤት ሊፈርስ!

እኔ ራሴ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚባለው ዓይነት ሰው ነኝ። ቢሆንም ለዘመድ ሲባል ጠየቅሁ፣ አነበብኩ። የገባኝን ላካፍላችሁ።

ጥፋቱ የማን ነው?

እባቢቱ ቦል ፓይተን የምትባለው ዓይነት ናት። ዘሯ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። መርዝ የላትም። ሲያስፈራሯት ራሷን ደብቃ እንደ ኳስ ስለምትጠቀለል ነው ስሙ የወጣላት። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ትደርሳለች። በደህና ከተያዘች 20 እና 30 ዓመት ትኖራለች። አስቡት እንግዲህ፤ ልጁ ተምሮ፣ አግብቶ፣ ወልዶም እሷ አለች ማለት ነው! ስለዚህ ጥፋቱ የእባቢቱ አይደለም። ሲገዟት የነበረችውን እንጂ የምትሆነውን ያላሰቡት ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ።

ቤት እንዴት ይመረጥ?

አንደኛ ስፋቱ። እባብ ሲፈልግ ቀጥ ብሎ መዘርጋት አለበት። የሳጥኑ ርዝመት ከእባቡ ርዝመት አይነስ። ላደገች ቦል ፓይተን ቢያንስ 120 በ60 በ60 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። «ትንሿን ትልቅ ሳጥን ውስጥ ካስገባናት ትፈራለች» የሚሉ አሉ። የሚያስፈራት ግን ትልቅነቱ ሳይሆን ባዶነቱ ነው። በቅጠል፣ በግንድ ቅርፊትና በመደበቂያ ከሞላ ትረጋጋለች።

ሁለተኛ መደበቂያው። ሁለት ይሁን፤ አንዱ በሞቃቱ፣ ሌላው በቀዝቃዛው በኩል። ጠበብ ብሎ ገላዋን ሲነካት ነው ደስ የሚላት። መደበቂያው አንድ ብቻ ከሆነ ወይ ሙቀቱን ወይ መደበቁን እንድትመርጥ እናስገድዳታለን።

ሦስተኛ ሙቀቱ። እባብ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፤ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ነው ገላውን የሚያስተካክለው። ባንድ ወገን 32፣ በሌላው 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ማሞቂያው ሙቀቱን የሚቆጣጠር ቴርሞስታት ከሌለው ግን ሆዷን ይጠብሳታል።

አራተኛ እርጥበቱ። 60 በመቶ አካባቢ ይሁን። ቆዳዋን ስትቀይር እየተቆራረጠ ከወጣ አየሩ ደርቋል ማለት ነው። ክዳኑ ወንፊት የሆነ የመስታወት ሳጥን እርጥበቱን ቶሎ ያስወጣል።

አምስተኛ ቁልፉ! ክዳን ላይ መጽሐፍ መጫን ቁልፍ አይደለም። አክስቴን ጠይቁ።

ጫካ መጣልስ?

ይኼማ አይሞከርም። የሜሪላንድ ብርድ ለአፍሪካ እባብ ሞት ነው። ሞቃት አገር ሲጣሉ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ፍሎሪዳ አይታዋለች። ከእስያ የመጣው የበርማ ዘንዶ ከሰው እጅ አምልጦና ተጥሎ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ረግረግ ተራባ። የዱር አራዊቱንም እየበላ አመናመናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 እዚያው ፍሎሪዳ 5 ሜትር ከ79 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተይዟል! ማሳደግ ያቃተው ሰው እንስሳትን ለሚረከቡ ድርጅቶች ይሰጣል እንጂ አይጥልም።

እኛስ?

«እኔ ምን አገባኝ፣ እባብ አላሳድግ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እንዳታስቡትም! እኛ አገር የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ ያስቀጣል። ግን በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ቡችላ የምታሳድጉስ? ያቺ በካርቶን የመጣች ቡችላ በዓመቷ በሩን የምትሞላ ውሻ ትሆናለች። ያን ጊዜ አከራይ ይቆጣል፣ ሰንሰለቱ ያጥራል፣ ውሻዋም ክፉ ትሆናለች። እንስሳ ከማምጣታችሁ በፊት አድጎ የሚያክለውን ለኩ።

ወደ ሜሪላንድ ልመልሳችሁ። ባለፈው እሑድ ደወልኩ። አባትና ልጅ ተጋግዘው ቁልፍ ያለው፣ 120 ሴንቲ ሜትር ሳጥን ገዝተው አቁመዋል። ግማሹን ሒሳብ ልጁ ከሥራው ይከፍላል። እባቢቱን የነካ ሰው እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ተወስኗል፤ እንዲህ ያሉ እንስሳት ሳልሞኔላ የሚባል የሆድ በሽታ ያስተላልፋሉና። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ጭራሽ አይነካትም። ልጁም ወደ ራት ገበታው ተመልሷል።

አክስቴንም አገናኙኝ። «ኧረ ምን ትሆኛለሽ» አሉኝ፤ «ማሞቂያው፣ ውኃው፣ መኝታው... ቤቷ ከኔ ቤት ይሻላል!» ሻንጣቸውን ግን አሁንም ቆልፈው ነው የሚተኙት።

መልካም ሳምንት!