ከሰማይ የሚታይ የቡና ማሳ

የአውሮፓ ኅብረት ደን ተመንጥሮ ከለማ መሬት የተገኘ ቡና ወደ ገበያው እንዳይገባ በ2023 ዓ.ም. ሕግ አውጥቷል (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ዓ.ም. በኋላ በተመነጠረ ደን ላይ የበቀለ ቡና ተቀባይነት አይኖረውም፤ የማሳው ሥፍራም በኬክሮስና በኬንትሮስ ቍጥር መገለጽ አለበት። የሕጉ መፈጸሚያ ጊዜ በ2024 እና በ2025 ዓ.ም. ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። ግዴታው በአውሮፓው አስመጪ ላይ ቢሆንም አስመጪው ማስረጃውን የሚጠይቀው ከላኪው ነው።

ማስረጃው የሚመሳከረው በሳተላይት ሥዕል ነው። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ተፈራርቀው በየአምስት ቀኑ ወደ አንድ ቦታ ይመለሳሉ፤ የሥዕላቸው አንዲት ነጥብ አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ መሬት ትይዛለች። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጣል፤ ከቀይ ማዶ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ደመና ሲጋርድም በራዳር የሚሠራው ሴንቲኔል 1 ደመናውን አልፎ ያያል።

ይህን ሁሉ ሥዕል ሰው መርምሮ አይዘልቀውምና ሥራው ለኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ባለሙያዎች «ይህ ደን ነው፤ ይህ የበቆሎ ማሳ ነው» እያሉ ብዙ ነጥቦችን ያሳዩታል፤ እርሱም የየአንዳንዱን መልክ አጥንቶ ያላየውን ሥፍራ ይፈርጃል። ተለይተው በቆዩ ሌሎች ነጥቦችም ይፈተናል። ይሁን እንጂ ተማሪው ካስተማሩት አያልፍም።

ለአገራችን አሳሳቢው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የከፋና የጅማ ቡና ባብዛኛው በዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ከላይ ለሚያይ የሚታየው ዛፉ እንጂ ቡናው አይደለም። ሕጉ የእርሻን ጥላ ዛፍ ደን አይለውም፤ መሣሪያው ግን ሊለው ይችላል። ገበሬው ያረጀ ቡናውን ጎንድሎ ጥላውን ቢያሳሳ፣ ካርታው ደን እንደ ተመነጠረ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ኅብረቱ ያወጣው የ2020 ዓ.ም. የደን ካርታ ራሱ ለማመሳከሪያ እንጂ ለፍርድ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ላኪው ማሳው የቈየ የቡና እርሻ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍና ፎቶግራፍ አስቀድሞ ቢይዝ ይበጀዋል።

ለአነስተኛ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ከአራት ሔክታር ለሚበልጥ ግን ዙሪያው ይለካል። ቍጥሩ ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል፤ ከመካከላቸው አንዱ ቢሳሳት ማሳው ጎረቤት ደን ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ከብዙ ገበሬ የተሰበሰበ ቡና ከተቀላቀለ በኋላም የአንዱ ማሳ ጉድለት ተለይቶ ሊወጣ ካልቻለ ጭነቱን በሙሉ ያስቀራልና፣ የየገበሬው ነጥብ መመዝገብ ያለበት ቡናው ከመቀላቀሉ በፊት፣ በሚዛኑ ላይ ነው።